የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

አክስቴ ስልኬን ሲያነሡ ከሰላምታ የሚቀድም ቃል አላቸው። «እህ፣ የመስቀል ወፍ!» ይሉኛል፤ ደኅንነቴን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ዘመድ አማርኛ ያወጣለት ስም ይኸው በመሆኑ ክርክር አላነሣም። ሽሮ ሜዳ ከሚገኘው ቤታቸው ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ፊታቸውን ያየሁባቸውን ቀናት ብቆጥር አብዛኞቹ ከመስከረም አይወጡም።

ሽሮ ሜዳ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከእርሻ ጋር የምትጋፋበት ጫፍ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ይባላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ግን በደኅናው ቀን ሦስት መኪና መቀያየር፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ቃሊቲ ላይ በግ ከጫነ አይሱዙ ኋላ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማሳለፍ አለ። ይህን ለአክስቴ ባስረዳቸው «ወፏም ብትጠየቅ መንገድ ነው የምትለው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ለመሆኑ ወፏ በቀሩት አሥራ አንድ ወራት የት ነው የምትከርመው?

ጥያቄው እንዲህ ሊያመላልሰኝ የቻለው የምኖርበት ቦታ ስለተመቸው ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ የእኛ ብሎክ የቆመበት አፈር ግን ጥቁር መረሬ ነው፣ በክረምት ጫማን ከእግር ነጥቆ የሚያስቀር፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ። ብሎኩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ካለው በረንዳዬ ወደ ምሥራቅ ሲታይ መጀመሪያ ማንም የማይጨርሰው የድንጋይ አጥር፣ ቀጥሎ ሣር የሞላበት ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ከሁሉም በስተኋላ የየረር ተራራ ይታያል። ማሳው በየዓመቱ ይጠብባል። እኔ ስገባ ከቦዩ እስከ መጀመሪያው አዲስ ግንባታ ድረስ አንድ በሬ ጥማድ ረፋዱን ሙሉ ያርሰው ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ይጨርሰዋል።

ወፍ ማየት የጀመርኩት እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ምናለሽ ተራ ከተደረደሩት አሮጌ ዕቃዎች መካከል አንደኛው ዓይኑ በጭረት የደበዘዘ አቅርቦ ማሳያ መነጽር አገኘሁና ገዛሁ። ትርፉ መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ የብሎካችን ኮሚቴ ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩተው፣ በጣም በትሕትና፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ምን እንደምመለከት ጠየቁኝ። ወፍ ነው ብላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። መነጽሩን ሰጥቼ ቦዩ ላይ ያሉትን አሳየኋቸው፤ አንደኛው ረዘም ላለ ጊዜ ሲያይ ቆይቶ «እውነትም ወፍ ነው» ሲል ለጓደኛው መሰከረልኝ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ምን አዲስ ነገር አየህ ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ነው።

የመስቀል ወፍ የቷ እንደሆነች ሰው አይስማማም። አንዳንዱ ጭራዋ ረጅም የሆነችው ናት ይላል፤ ሌላው ቢጫና ጥቁር የለበሰችው ናት ብሎ ይምላል። እኔ ያደግሁት ሁለተኛዋን እያየሁ ስለሆነ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ድንቢጥን የምታህል፣ ሰውነቷ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ትከሻዋና ወገቧ ላይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ያለባት ወፍ ናት። የወፍ ተመራማሪዎች ወገኗን ዩፕለክተስ ይሉታል፤ ጎጆ በመሥራት ከሚታወቁት ወፎች ቤተሰብ የሚመደብ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ቦዩ ላይ አንድ የታመመ ወፍ አለ። ቡኒ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ቁራጭ ተለጣጥፎበታል።» ኀዘኔታዬ ትዝ ይለኛል። ወፉ ቀለም ሲያልቅበት ሠራተኛው ጥሎት የሄደ ግድግዳ ይመስል ነበር። በአራተኛው ቀን ጥቁሩ ጨምሮ አየሁት። ነሐሴ ሲገባ ቡኒው ከክንፉ በስተቀር የለም። ታሞ አልነበረም፤ ሲለብስ ነበር የደረስኩበት።

የነገሩ ምሥጢር ሲገለጥ እንዲህ ነው። ይህ ወንዱ ወፍ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ክንፉን አጥፎ ሲታይ ከሴቷ የማይለይ፣ ከድንቢጥ ጋር ቢቀላቀል ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቡኒ ዥንጉርጉር ላባ ለብሶ ይኖራል። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ከፍ ሲል፣ የመራቢያው ወራት ሲደርስ፣ ላባውን አራግፎ በጥቁርና በቢጫ ይተካል፤ ከሣሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላባውን ነፍቶ ሴቶቹን ይጠራል፣ አልፎ አልፎም አየር ላይ እየተንሳፈፈ ግዛቱን ያስከብራል። ወራቱ ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ ወደ ቡኒው ይመለሳል። እንግዲህ በመስከረም መጣች ስንል የኖርነው ወፍ ከሩቅ አገር አልመጣችም፤ ጠፋች ስንልም የትም አልሄደችም። (በነገራችን ላይ እኛ «ወፏ» እያልን በሴት አንቀጽ የምንጠራት፣ ያጌጠችው ግን ወንዱ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሴቷማ ጎጆ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ መስቀሉ ያልፋታል፤ ማንም ስሟን አንሥቶ አያውቅም።)

ይህን ካወቅሁ በኋላ ያለፈው ክረምት ለእኔ ሌላ ክረምት ሆነ። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። በዚህ መካከል ያሉት በዓላት ሁሉ በከተማው መሐል ሳለሁ ለእኔ ቀን ብቻ ነበሩ፤ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ቁጥር። እዚህ ጫፍ ላይ ግን በዓሉ ሊደርስ ሲል ማሳው አስቀድሞ ይናገራል፤ አንዳንዴም ማሳውና ቀን መቁጠሪያው አይስማሙም።

ቡሄ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። እኔ በረንዳዬ ላይ አንገቱን የቆረጥኩት የሃይላንድ ፕላስቲክ አስሬ ዝናብ እለካለሁ፤ ሳይንስ ለማለት አልደፍርም፣ ጎኑ ላይ በማስመሪያ ምልክት ያደረግሁበት ፕላስቲክ ነው። ነሐሴ 13 ሌሊት ፕላስቲኩ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አደረ። ቢሆንም ተረቱን ውሸት ነው ለማለት አልቸኩልም። ተረቱን ያወጡት ሰዎች የሚያዩት ውኃውን ሳይሆን ሰማዩን ይመስለኛል፤ ከቡሄ በኋላ ዝናቡ ቢወርድም ቀኑን ሙሉ የሚያፍነው ደመና እየሳሳ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ እያለች መሄዷ እውነት ነው። የዚያን ቀን ማታ የብሎኩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደረጃውን ወጡት። ሆያ ሆዬ ለግቢ የተሠራ ጨዋታ ነው፤ ዱላ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሲወርድ ድምፁ አራቱንም ፎቅ እያስተጋባ ስለሚያናውጥ እያንዳንዱ ቤት ቶሎ ሰጥቶ መገላገልን ይመርጣል። ልጆቹ ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ሙልሙል ያልጋገርኩ ላጤ መሆኔን ስለሚያውቁ ደግሞ ከእኔ የሚቀበሉት ብር ብቻ ነው፤ ያለማቅማማት ዋጋውን የተመኑልኝም እነርሱ ናቸው።

ጳጉሜን እንዲሁ የምታልፍ ወር አይደለችም። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት የወረደው ዝናብ እናቶችን ባልዲ አስይዞ አስወጣቸው፤ ሕፃናቱ ከሕንፃው አሸንዳ ሥር ራቁታቸውን እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ሲሉ በመነጽሩ ማየቱን ትቼ እኔም እጄን በበረንዳው ዘርግቼ ፊቴን አበስኩ።

በእነዚያ ቀናት ከታች ፎቅ የሚኖር ዲያቆን ባሕረ ሐሳብ እያስተማረኝ ነበር፤ ከወፍ ቀጥሎ ያለኝ ሁለተኛው ፍቅር ይህ ስሌት ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በምን ዕለት እንደሚውል ወረቀት ላይ አወጣነው። በ2018 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። 7518ና 1879 ተደምረው 9397 ይመጣሉ፤ ለሰባት ሲካፈሉ 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ነው ብለን ስንቆጥር ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ስልኬን ከፍቼ አረጋገጥኩ፤ ሐሙስ። ዲያቆኑ ስልኩን በማየቴ ትንሽ የተቀየመ መሰለኝ። የሉቃስ ዓመት ሲሆን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በ2015 እንደሆነችው ሁሉ ማለት ነው። ቦዩ ላይ ያለው ወፍ ግን ሉቃስን ከማርቆስ አይለይም። እሱ የሚቆጥረው ሣሩን ነው።

ሐሙስ ደረሰ። አደይ አበባ ከቦዩ ዳር ከአራት ቀን በፊት ፈንድታ ነበር፤ በደብተሬ ላይ ጳጉሜን 2 ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ሰፈር ሴት ልጆች አበባየሆሽ ለመጨፈር አበባ ከገበያ አይገዙም፤ ቦዩን ተሻግረው ለቅመው ይመጣሉ፣ ይዘውት የሚገቡትም ጭቃ ከአበባው አያንስም። ወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ያዞራሉ። ድሮ እኛ በከለር እርሳስ ጣታችን እስኪቆስል የምንቀባውን ፀሐይና መልአክ አሁን አብዛኞቹ ፎቶ ኮፒ ያስነሡታል። ጎረቤቴ የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በእጁ የሣለውን አመጣልኝ። ወረቀቱ ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ነው፤ ካሬ ካሬው ከሥዕሉ ሥር ይታያል። አበባ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ጥጉ ላይ ጥቁርና ቢጫ ወፍ አለ። ወፉ ከፀሐይዋ ይበልጣል። ትከሻው ላይ ያለው ቢጫ ከመስመሩ ወጥቶ ሰማዩን ነክቶታል። «ያንተን ወፍ ነው የሣልኩት» አለኝ። ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16፣ ከተማው ወደ መስቀል አደባባይ ሲጎርፍ እኛ ግን የራሳችንን ደመራ በመኪና ማቆሚያው ባዶ ቦታ ላይ ደመርን። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ቴሌቪዥኑ ያሳየው አደባባዩን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔ በዓሉ በዓል የሚሆንልኝ በእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ደመራ ነው፤ ጫፉ ላይ የታሰረውን አደይ ማን እንዳመጣው፣ ምሰሶው በየት በኩል እንደወደቀ፣ አቅጣጫውስ ምን ማለት እንደሆነ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩ ሽማግሌዎች ባሉበት። በማግስቱ ቅርጫ ነበር። ጉራጌ ጎረቤቶቻችን ወደ አገር ቤት ስለወጡ መደቡ በሰው ቁጥር ሳስቶ ብዙ ደረሰን። ሥጋው ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተመድቦ ካለቀ በኋላ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ነገር ለዕጣ ሰጠን፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የብዕር ክዳን፣ አንዷ የጆሮ ጌጥ፣ እኔ የመነጽሬን የሌንስ መክደኛ። መደቡን ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ጣለው። የእኔ መክደኛ የወደቀበት መደብ አጥንት ይበዛበት ነበር፤ ዕጣ ነውና ዝም አልኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዕጣውን ከሚታዘቡት መካከል ማዶ ያለውን ማሳ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። በየበዓሉ ይጠራሉ፤ እርሳቸውም ሲያጭዱ ይጠሩናል። ስለ ወፌ በጉጉት ሳወራቸው ፈገግ ብለው አዳመጡኝና በኦሮምኛ ቃና በተቃኘው አማርኛቸው «ለአንተ የመስቀል ወፍ ነው፤ ለእኔ ሌባ ነው» አሉኝ። በልጅነታቸው ማማ ላይ ተሰቅለው ወንጭፍ እየተኮሱ እህል የጠበቁት ከዚሁ ወፍ ነው። «በመስከረም ቢጫ ለብሶ ሲዘፍን አትመነው። ኅዳር ላይ ቡኒ ሆኖ፣ ሠራዊት ሆኖ ይመጣል» አሉ። እኔ ከሦስት ዓመት ትዝብትና ከምናለሽ ተራ መነጽር በኋላ የደረስኩበትን ነገር እርሳቸው በሰባት ዓመታቸው ያውቁት ነበር። ማሳቸው የቀረላቸው ስንት ጊዜ እንደሆነ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ነጭ ለብሰው፣ እርጥብ ሣርና ቢጫ አበባ በእጃቸው ይዘው፣ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ አርሰዲ ለመውረድ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ አየኋቸው። አበባው ከዚያው ከቦዩ ዳር የተቀጠፈ ነበር።

ከዚያ ጽጌው ገባ፤ ጥቅምት ብርዱን ይዞ መጣ፤ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ስለ ጥቅምት ብዙ የምለው የለኝም፤ ደብተሬም ላይ ሦስት ገጽ ባዶ ነው፣ በሥራ ምክንያት።

ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ስነቃ የረር አይታይም ነበር። ኅዳር ሲታጠን ነው። በየብሎኩ ጀርባ የዓመቱ ቆሻሻ ተቆልሎ ይጨሳል፤ ልማዱን ብዙ ሰው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሺዎችን ከጨረሰው «የኅዳር በሽታ» ጋር ያያይዘዋል፤ በዚያው ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ ነው። ዛሬ የሚቃጠለው አብዛኛው ፌስታል ስለሆነ በሽታ ከማባረሩ ይልቅ መጥራቱ ያይላል ባይ ነኝ፤ ይህን ለኮሚቴው ተናግሬ የሰማኝ የለም። ከጭሱ ሸሽቼ ቦዩን ተሻገርኩ። አዛውንቱና ልጆቻቸው ጤፉን አጭደው ነዶውን ከምረው ነበር። ቃርሚያው ላይ ወፍ ፈሷል፤ ሁሉም ቡኒ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቁጥሩ ከመቶ የማያንስ። ቁጭ ብዬ መነጽሩን አነሣሁ። ዓመቱን ሙሉ በረንዳዬ ፊት ሲመላለስ የነበረውን ይህን መንጋ ድንቢጥ ነው ብዬ ስንት ቀን እንዳለፍኩት አላውቅም።

አንድ ውሻ መጣና ተነሡ። ሲነሡ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ፣ በመካከላቸው አንዳንዶቹ ትከሻቸው ላይ ቢጫ ብልጭ አለ። ወንዱ ጥቁሩን ሁሉ አውልቆታል፤ የትከሻውና የወገቡ ቢጫ ግን ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም፣ ክንፉን ሲያጥፍ ይሸፈናል እንጂ። አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ጭሱ ሸፈናቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ፣ ሦስት መኪና ቀያይሬ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። በዓልም አልነበረም፣ ልቅሶም አልነበረም፣ እሑድም አልነበረም። በሩን የከፈቱልኝ አክስቴ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ ዱቄት በእጃቸው ላይ እንዳለ ነበር። ደረታቸውን ያዙ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እቴቴ። እንዲሁ መጣሁ።»

ለረጅም ጊዜ ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩ። ከሥራ መባረሬን፣ መታመሜን፣ ገንዘብ መፈለጌን ተራ በተራ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም አይደለም ስላቸው አላመኑም። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብተው ምስር የተሞላ ሰፌድ አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንግዲያው ድንጋዩን ልቀምልኝ» አሉ፤ «ዓይንህ ደኅና ነው አይደል?»